ክረምቱን ጆሮሽን አሠልጥኚበት

«ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ያደግሁት ጅማ፣ ሄርማታ ነው። አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ የትምህርት ክፍል ስንሞላ ሦስተኛ ምርጫዬ የነበረው የንግግርና ቋንቋ ሕክምናና ኦዲዮሎጂ (የመስማት ሕክምና) ደረሰኝ። አሁን ለክረምት ቤት ገብቻለሁ። ሰው ሁሉ ‹ንግግር ደግሞ ይማሩታል እንዴ?› ይለኛል፤ አጥርቼ መመለስ ያቅተኛል። አጎቴ ‹ወደ ነርሲንግ ቀይሪ፣ እንጀራ ያለው እዚያ ነው› ይለኛል። ፊዚክስ ድሮም አልወድም፤ ውስጡ ፊዚክስ አለ ሲሉኝ ደግሞ ጭራሽ ፈራሁ። ልቀይር ወይስ ልቀጥል? ብቀጥልስ መስከረም እስኪጠባ ምን ላድርግ?»
ግራ የገባኝ፣ ከጅማ

እህታችን፣ የሚያስፈራሽ ፊዚክሱ ብቻ ከሆነ አትቀይሪ። የአጎትሽ ነገር ግን ሌላ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መጀመሪያ «ንግግር ይማሩታል እንዴ?» ለሚሉሽ። የትምህርቱን ስም ተርጉመሽ ለማስረዳት አትልፊ፤ የሚያውቁትን ሰው አስታውሻቸው። ግራ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ እጃቸው የዛለ፣ ነገሩን እያወቁት ቃሉ አልወጣ ያላቸው አያት አሉ። እኒሁ አያት ተጋድመው አጥሚት ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ከሳምንት በኋላ የሳንባ ምች ይይዛቸዋል። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደና ከተሰፋለትም በኋላ ድምፁ በአፍንጫው የሚወጣ ልጅ አለ። የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርጋ ድምፅዋ የሻከረባት ሴት አለች፤ ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ከእንቅርቱ ሥር ተጠግቶ ስለሚያልፍ አንዳንዴ ይነካል። ጆሮው መግል እያፈሰ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥና «ሰነፍ» የተባለ ተማሪ አለ። እነዚህን ሁሉ መርምሮ የሚረዳ ባለሙያ ልትሆኚ ነው። እኒያ አያት አጥሚቱን ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ እንዲጠጡ የሚያደርገውም ይኸው ባለሙያ ነው፤ መዋጥ የንግግር ሐኪም ሥራ መሆኑን ብዙ ነርሶች ራሳቸው አያውቁም።

ፊዚክሱን በተመለከተ፣ የሚያስፈልግሽ ከአንድ ደብተር አያልፍም። ኤሌክትሮማግኔት የለም፣ የተወረወረ ድንጋይ የት ይወድቃል የሚል ስሌትም የለም። ዋናው ሬዞናንስ (ቱቦ አንዳንዱን ድምፅ አብልጦ ማጉላቱ) እና ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ሬዞናንስን በሁለት የማካፈል ስሌት ትጨርሽዋለሽ። የጆሮ ቦይ ውስጠኛው ጫፉ በታምቡር የተዘጋ፣ 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሆን ቱቦ ነው። አንድ ጫፉ የተዘጋ ቱቦ የትኛውን ድምፅ አብልጦ እንደሚያጎላ ለማወቅ የድምፅን ፍጥነት ለርዝመቱ አራት እጥፍ አካፍይ፦ በሰከንድ 340 ሜትር ለ0.1 ሜትር ሲካፈል 3,400 ኸርዝ (በሰከንድ ያለ የንዝረት ብዛት) ነው። ጆሮ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ይበልጥ ንቁ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በአዋቂ ወንድ ከድምፅ አውታር እስከ ከንፈር 17 ሳንቲሜትር ገደማ አለ፤ 340 ለ0.68 ሲካፈል 500 ኸርዝ ይሆናል፤ ቀጣዮቹ ሦስት እጥፉና አምስት እጥፉ፣ 1,500 እና 2,500 ናቸው። ምላስና ከንፈር ሲንቀሳቀሱ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ከቦታቸው ይሸሻሉ። «ኢ» እና «ኡ» የሚለዩት በዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ ምሥጢር የለውም።

ዴሲቤል ግን ተማሪ ይጥላል። የሚጥለውም ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ተማሪው እንደ ኪሎ ይደምረዋል። እያንዳንዳቸው 60 ዴሲቤል የሚያሰሙ ሁለት ጄኔሬተሮች ጎን ለጎን ሲነሡ 120 አይሆኑም፣ 63 ነው የሚሆኑት። ሜዳ ላይ ከአንድ ጄኔሬተር ያለሽ ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ይቀንሳል። ኦዲዮሜትር (የመስማት መለኪያ መሣሪያ) ላይ 0 ዴሲቤል ማለት ደግሞ «ድምፅ የለም» ማለት አይደለም፤ ጤነኛ ወጣት ጆሮ በአማካይ መስማት የሚጀምርበት መነሻ ነው። ስለዚህ -5 ላይ የሚሰማ ሰው ብታገኚ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለሽ አትደንግጪ። የሎጋሪዝሙን ምዕራፍ ከድሮ ደብተርሽ አውጥተሽ ይህን ክረምት አንድ ሳምንት ስጪው፤ ይበቃል።

አሁን ወደ ምርመራው። መስማት መለካት ሲያዩት ቀላል ነው፦ ማዳመጫ ታደርጊለታለሽ፣ «ሲሰማህ ቁልፉን ተጫን» ትይዋለሽ። መጀመሪያ ግን በጆሮ ማያው ወደ ውስጥ ትመለከቻለሽ፤ ኩክ ቦዩን ከደፈነው የምትለኪው ኩኩን ነው። ቀጥሎ የትኛው ጆሮ እንደሚሻለው ጠይቀሽ በዚያ ትጀምሪያለሽ። ቀዩ ማዳመጫ ለቀኝ፣ ሰማያዊው ለግራ ነው፤ ወረቀቱ ላይም ቀኝ በቀይ ክብ፣ ግራ በሰማያዊ ኤክስ ይሞላል። መነሻው 1,000 ኸርዝ ነው። በደንብ ከሚሰማው ከፍታ ተነሥተሽ በሰማ ቁጥር 10 ዴሲቤል ትወርጃለሽ፣ ባልሰማ ቁጥር 5 ትወጫለሽ። ወደ ላይ በምትወጪበት ጊዜ ከሦስት ሙከራ ሁለቴ የመለሰበት ዝቅተኛው ከፍታ የመስማቱ ወሰን ይባላል። ከዚያ 2,000፣ 4,000፣ 8,000፤ ተመልሰሽ 1,000ን ደግመሽ ታረጋግጫለሽ፤ በመጨረሻ 500 እና 250። የተደገመው 1,000 ከመጀመሪያው ከ5 ዴሲቤል በላይ ከተለየ ታካሚው ትእዛዙን አልተረዳም ወይም ደክሞታል፤ እንደገና አስረጂው።

ተማሪ የሚሳሳተው የት ነው? በእኩል ምት መላክ አንዱ ነው፦ ቲን፣ ሦስት ሰከንድ፣ ቲን፣ ሦስት ሰከንድ። ታካሚው ድምፁን ትቶ ምቱን መቁጠር ይጀምራል። ሌላው፣ እጅሽ ወይም ፊትሽ እንዲታየው አድርጎ መቀመጥ ነው፤ ልጆች በተለይ ቅንድብሽን አይተው ይጫናሉ። ሦስተኛው ጅማ ውስጥ ክረምት ላይ ራሱን የሚያሳይ ነው፦ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ከውጭ የሚገባ ጫጫታ አብዛኛው ኸርዙ ዝቅ ያለ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ ይበልጥ የሚሸፍነው 250ንና 500ን ነው፤ ደህና የሚሰማ ሰው በወረቀቱ ላይ የደነቆረ ይመስላል። ድምፅ የማያስገባ ክፍል በሌለበት 500ን ማመን ያስቸግራል፤ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ለሕፃን የማይገባ መርጃ መሣሪያ ከማዘዝ ይሻላል።

ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ከሁሉ የሚከብድሽ ማስኪንግ፣ ማለትም አንዱን ጆሮ በሌላ ድምፅ ሸፍኖ ሌላውን መለካት ነው። አንዱ ጆሮ ፈጽሞ ባይሰማ፣ ወደ እሱ የላክሽው ኃይለኛ ድምፅ አጥንት አቋርጦ ወደ ደህናው ጆሮ ይደርሳል፤ ታካሚው «ሰማሁ» ብሎ ይጫናል። በጆሮ ላይ በሚቀመጥ ተራ ማዳመጫ ድምፅ መሻገር የሚጀምረው ከ40 ዴሲቤል ገደማ ልዩነት በላይ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ በሚደረገው የአጥንት ነዛሪ ግን ያለ ምንም ልዩነት ይሻገራል። ስለዚህ ጤነኛው ጆሮ በሹሹታ ተይዞ ሌላው ይለካል። ሹሹታው ሲረሳ ሙቱ ጆሮ 50 ወይም 60 ላይ «እየሰማ» ይመዘገባል። ሕጉን ሸምድደሽ አትዘልቂም። በየምርመራው «ይህን ድምፅ የትኛው ጆሮ ነው የሰማው?» ብለሽ ራስሽን ከጠየቅሽ ሕጉ ራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር ስንጨምር፦ የዓለም ጤና ድርጅት 2021 ላይ ባወጣው የመስማት ሪፖርት ጤነኛ የሚባለውን ወሰን ከ20 ዴሲቤል በታች አድርጎታል፤ የቆዩ መጻሕፍት 25 ይላሉ። መምህሩ የትኛውን እንደሚከተል በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ፤ ፈተና ላይ ነጥብ የሚበላው እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለው ግማሽ፣ ማለትም ንግግሩና ቋንቋው፣ ለአንቺ ከብዙዎቹ ይልቅ የተመቸ ነው። ምክንያቱ ጅማ ነው። መማሪያ መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ፣ ስለ እንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። በጥርስ መካከል ምላስ አውጥቶ ስለሚባል ድምፅ ብዙ ገጽ ታነቢያለሽ፤ አማርኛ ውስጥ ግን የለም። ስለ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ፣ ጰ አንድ አንቀጽ ብታገኚ ዕድለኛ ነሽ። እነዚህ የሚነገሩት ማንቁርት ተዘግቶ አየሩ አፍ ውስጥ ከታፈነ በኋላ ነው፤ ላንቃው የሚያፈስ ልጅ ግፊቱ በአፍንጫው ስለሚወጣበት ይቸገርባቸዋል። ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ቀዝቀዝ ያለ ትንሽ መስታወት ከአፍንጫው ሥር ያዢና «ፓ ፓ ፓ» አስብዪው። መስታወቱ ካላበው ከላንቃው ኋላ ክፍተት አለ ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ። «ማ» እያለ ቢያልበው ግን ምንም አይደለም፤ «መ» በተፈጥሮው የአፍንጫ ድምፅ ነው።

ሁለተኛው፣ የእኛ ፊደል ጥብቀትን አይጽፍም። «ገና» ብለሽ ብትጽፊ በዓሉ ይሁን «አሁንም ገና ነው» የሚለው አይታወቅም፤ «ዋና» የሚዋኘው ነው ወይስ አለቃው? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ልጁ ማጥበቅ እንደሚችልና እንደማይችል ልትመረምሪ ቃላቱን በፊደል ብቻ መዝግበሽ ብትመጪ ከሳምንት በኋላ የራስሽን ማስታወሻ አታነቢውም። ዓለም አቀፉን የፎነቲክ ፊደል (ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ምልክት ያለውን) ክረምቱን ተማሪው፤ ለአማርኛ የሚበቃሽ 40 ገደማ ምልክት ነው፣ በቀን አምስት ብታጠኚ ከሁለት ሳምንት አያልፍም።

ሦስተኛው፣ አረፍተ ነገር መቁጠር ነው። የልጅን ቋንቋ ለመመዘን ከ50 እስከ 100 አባባሎቹን ቀድተሽ፣ በአማካይ ስንት የትርጉም ክፍል እንዳላቸው ትቆጥሪያለሽ። ቃል ብትቆጥሪ አማርኛ ያታልልሻል። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን አል፣ ነገር፣ እሷነት፣ እኔነት እና መጨረሻው «ም» አሉ። እንግሊዝኛ በ5 ቃል የሚለውን ልጁ በአንድ ትንፋሽ ብሎታል። ቃል ቆጣሪዋ ተማሪ ይህን ልጅ «ቋንቋው ዘግይቷል» ብላ ትጽፍበታለች።

አራተኛው ኦሮምኛ ነው። ከሰቃ ወይም ከደዶ የመጣች እናት ልጅዋን ይዛ ስትቀርብ ልጁ የሚናገረው ኦሮምኛ ከሆነ የአማርኛ ቃል ዝርዝር አውጥተሽ «ይህን አይልም፣ ያን አይልም» ማለት አይደለም ሥራሽ። ኦሮምኛ አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለውጣል፤ አማርኛ ይህ የለውም። በኦሮምኛ «እውነት» ለማለት «ዹጋ» ሲሉ መጀመሪያው ላይ ያለው ድምፅ አማርኛ ውስጥ የለም። «ዘ» እና «ፐ» በበኩላቸው ኦሮምኛ ውስጥ በውሰት ቃላት ላይ ነው የሚሰሙት። ከቤቱ ቋንቋ ወደ ሁለተኛው ያሻገረው ድምፅ ልዩነት ይባላል፤ ሕመም አይባልም። ሕመም የሚሆነው በገዛ አፉ መፍቻ ቋንቋም ሲያጠፋ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የቤቱን ቋንቋ አስቀድሚ። ይህን ለመለየት ሌላ ቦታ ያደገ ተማሪ አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ አንቺ ግን ሄርማታ ገበያ ላይ ስትላላኪ ያደግሽበት ነው።

አሁን መስከረም እስኪጠባ ያለውን ጊዜ እንከፋፍለው። ላፕቶፕ ካለሽ ወይም የምትዋሽው ካገኘሽ ፕራት የሚባለውን የድምፅ መተንተኛ ፕሮግራም ጫኚ፤ ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፣ በነፃ ይገኛል። በስልክሽ ድምፅሽን ቅጂ፤ ስልኩን ከአፍሽ አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ፣ መጋረጃና ፍራሽ ባለበት ክፍል፣ ዝናብ በሌለበት ሰዓት። በቴሌግራም የተላከ ድምፅ አትጠቀሚ፤ ፋይሉን ለማሳነስ የድምፁን ዝርዝር ስለሚቆርጠው ለልኬት አይሆንም። ዋቭ (WAV) በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጥ። «ኢ»፣ «ኣ»፣ «ኡ» እያንዳንዳቸውን አምስት ሰከንድ በዪና ሥዕላቸውን አስተያዪ፤ ያ ያካፈልሽው 500 እና 1,500 እንዴት እንደሚሸሽ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ቀጥሎ «በላ» እና «በራ»፣ «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «ቀዳ» እና «ከዳ»። እነዚህ በአንድ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጥንዶች ናቸው፤ በኋላ «ረ»ን «ለ» የሚል ኮልታፋ ልጅ ሲመጣልሽ የምትሠሪባቸው ካርዶች ናቸው። ሥዕል ሊሳልላቸው የሚችሉ ሃያ ጥንዶች ሰብስበሽ ደብተርሽ ላይ አኑሪ።

የጎረቤት ልጅ ብትቀጂ እናቱን አስፈቅጂ፤ ስሙን ፋይሉ ላይ አትጻፊ። ምንም ብትሰሚ ደግሞ ምርመራ አትስጪ። አንድ ነገር ብቻ እንድትመክሪ እንፈቅድልሻለን፦ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል የማያጋጥም ልጅ ካየሽ መጀመሪያ ጆሮው እንዲታይ ንገሪያቸው። «አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው» እያሉ ዓመት ማሳለፍ፣ የምላስ ሥር ማስቆረጥ፣ እንጥል ማስቆረጥ ልማድ ነው። እንጥል የተቆረጠበት ልጅ ደም ይፈሰዋል፣ ያመረቅዝበታል፤ መስማቱ እንደሆነ እዚያው ነው። ጆሮ ለሚያፈስም የሞቀ ዘይት ማንጠብጠብ ይቅር፤ ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ዘይቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ከአካል ጥናት ስድስት የራስ ቅል ነርቮችን ቀድመሽ ያዢ፦ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ፣ 10ኛ እና 12ኛ። መንጋጋ፣ ፊት፣ መስማት፣ ጉሮሮ፣ ድምፅና ምላስ በእነዚህ ላይ ናቸው። መስታወት ፊት ቆመሽ «ጥርስሽን ንከሺ፣ ፈገግ በዪ፣ ምላስሽን አውጪ» እያልሽ ራስሽን መርምሪ፤ ምላስ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሰነፈው የተጋደለበት ጎን መሆኑን አስታውሺ። ይህ በየዓመቱ ፈተና ላይ ይመጣል፣ በየዓመቱም ግማሹ ተማሪ ይገለብጠዋል።

ወደ አጎትሽ እንመለስ። ያሉት ከንቱ አይደለም። ለነርስ በየጤና ጣቢያው መደብ አለ፤ ለአንቺ ሙያ ገና በጥቂት ቦታ ነው። ሥራው ያለው ትልልቅ ሆስፒታል የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል፣ የተሰነጠቀ ላንቃ ሕክምና በሚሰጥበት፣ የኦቲዝም ማዕከላት፣ የመርጃ መሣሪያ የሚሸጡ ክሊኒኮችና ልዩ ፍላጎት ትምህርት ላይ ነው፤ አብዛኛውም አዲስ አበባ። በተመረቅሽ በወሩ ጅማ ላይ ደመወዝ ለሚያስፈልገው ቤት ይህ ከባድ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ነርሲንግን መምረጥ ነውር የለውም። ቤትሽ ትንሽ ሊታገስሽ ከቻለ ግን ባለሙያው ማነሱ ራሱ ለአንቺ በር ነው። ንግግር ሕክምናንና ኦዲዮሎጂን አብረሽ መማርሽም ይጠቅማል፤ ውጭ አገር መለያየታቸውን ግን እወቂ። አሜሪካ ለንግግር ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪ፣ ለኦዲዮሎጂ ዶክትሬት ይጠይቃል፤ ለንግግር ሐኪም ማረጋገጫ ደግሞ 400 ሰዓት የተፈረመበት ልምምድ ይፈለጋል። ሕንድ ውስጥ ሁለቱ በአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የልምምድ ዓመቱን ጨምሮ በ4 ዓመት ይሰጣሉ። ስለዚህ የየኮርሱን ዝርዝር ማኅተም አስመትተሽ አኑሪ።

ለመቀየር ከወሰንሽ ከምዝገባ በፊት ሬጅስትራር ሂጂ፤ ክፍል ከተጀመረ በኋላ ቦታ ያልቃል። ለመቀጠል ከወሰንሽ ደግሞ የክሊኒክ ልምምድ ሲጀመር የሰዓት መዝገብሽን በየዕለቱ አስፈርሚ፤ ወር ጠብቄ አስፈርማለሁ ያልሽ እንደሆነ ተቆጣጣሪሽ ሲዛወር 30 እና 40 ሰዓት ሜዳ ላይ ይቀርብሻል።